ከዕርቁ ምሳ በኋላ

ከአያት ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ለባቡሩ ሥራ ተቆፍሮ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀረችው አንድ ረድፍ መኪናው ሁሉ ተያይዞ እየተንፏቀቀ ነው። የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። የሚኒባስ ሹፌሩ አብዱልናስር ከፊቱ ያለውን ነጭ ዲኤክስ አውቶሞቢል አፍጥጦ እያየ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። ከዲኤክሱ ፊት የነበሩት መኪኖች ሁሉ ሄደዋል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

አብዱልናስር እየተሳደበ ወረደ። የመኪናው መስኮቶች ሁሉ ተዘግተው በእንፋሎት ተሸፍነዋል። ሞተሩ ይሠራል፤ ሲሠራ ግን መኪናውን ሙሉ ያንዘፈዝፈዋል። መስታወቱን በእጁ ጠርጎ ወደ ውስጥ ሲያይ ስድቡ አፉ ላይ ቀረ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተዋል። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴት ትከሻቸው ላይ ወድቀዋል፤ ነጠላቸው ላይ አስመልሷቸዋል።

በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አብዱልናስር የክሪኩን ብረት አምጥቶ የኋላውን መስታወት ሰበረ፤ እጁን አስገብቶ በሩን ከፈተ፤ ሞተሩን አጠፋና ሁለቱንም በሚኒባሱ ጭኖ ወደ ሆስፒታል በረረ።

*

ዋና ኢንስፔክተር ላጲሶ ሆስፒታሉ ሲደርስ፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት ግድግዳውን በጡጫ እየመታ ይጮኻል።

«አጎቴ ነው! ታርቄያለሁ ብሎ ጠርቶ መርዝ አበላቸው!»

ወጣቱ ሂካ ይባላል፤ የታማሚዎቹ የአቶ ጎበናና የወይዘሮ ደሪቱ ልጅ ነው። ላጲሶ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲነግረው ጠየቀው።

አቶ ጎበናና ታናሽ ወንድማቸው አቶ ጉዲሳ ጎሮ ላይ አብረው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ እርሻውን ሲወስደው፣ ምትክ የተሰጠው ቦታ በጉዲሳ ስም ወጣ። በዚህ ተኳርፈው ለዓመታት ሳይነጋገሩ ቀሩ። እናታቸው ሲሞቱ እንኳ አንዱ በድንኳኑ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ቆመው ነው የቀበሩት። ዘንድሮ ሽማግሌ ገባና ታረቁ። የዕርቁ ምሳ ዛሬ አያት ሰፈር ባለው የጉዲሳ ቤት ተበላ።

«አንተም በልተሃል?» አለ ላጲሶ።

«በልቻለሁ። ግን እኛ የበላነውን አይደለም እነሱ የበሉት። አባቴ ደም ግፊት ስላለበት ጨው የሌለው ለብቻው ተሠራለት። እናቴም አብራው በላች። የሠራችው ፌናን ናት፣ የጉዲሳ ልጅ።»

«ከዚያስ?»

«እነሱ በመኪናቸው ቀደሙ። እኔ በታክሲ ልመጣ ቀረሁ።»

«ለምን አብረሃቸው አልሄድክም?»

ሂካ ወደ ክፍሉ በር ዞር ብሎ አየ። «ከአክስቶቼ ልጆች ጋር እየተጫወትኩ ነበር።»

ዶክተር ሊሊ ከክፍሉ ወጣች። «ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ኦክስጅን ላይ ናቸው። እናትዬዋ እየነቁ ነው። አባትዬው ግን አልነቁም።»

«መርዝ ነው?» አለ ላጲሶ።

«ሊሆን ይችላል። አይደለም ለማለትም ነው ለማለትም አልደፍርም። ናሙና ልከናል፤ ውጤቱ ግን ቀናት ይወስዳል።»

ላጲሶ ገብቶ ወይዘሮ ደሪቱን በዝግታ አነጋገራቸው። ዓይናቸውን መግለጥ ከብዷቸዋል።

«እማማ፣ ሆድዎን አሞዎት ነበር?»

«ሆዴን አይደለም፣ ራሴን። ራሴን ሊፈልጠው ደረሰ... ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ። ጎበና፣ ዝናቡ ገባብን ብሎ መስኮቱን ዘጋ...» ንግግራቸው ተቆረጠ። ከዚያ እንደገና፣ «ጎበናስ?» አሉ።

«አሉ፣ እማማ። አጠገብዎ ናቸው።»

*

የአቶ ጉዲሳ ግቢ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ፖሊስ ሲገባ ዕቃ የሚያጥቡት ሴቶች ባሉበት ቆሙ። የተረፈው ወጥ ታሸገ፤ ድስቶቹ ተለቀሙ። ከጓዳው ጥግ አንድ ፖሊስ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ወጣ፤ የተባይ መርዝ ነው።

«የጓሮው ቲማቲም ትል ስለያዘው ገዛሁት» አሉ አቶ ጉዲሳ። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። «ማንም ገበሬ ቤት አለ እኮ፣ ልጄ።»

ፌናን ሽርጧን እንዳደረገች ነበር።

«የአቶ ጎበናን ምግብ ማን ነው የሠራው?» ሲል ላጲሶ ጠየቃት።

«እኔ።»

«ሌላ ሰው ድስቱን ነክቶታል?»

ፌናን ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሴቶች በዓይኗ ዞረቻቸው። አዎ ካለች ጥርጣሬውን በአንዷ ላይ መጫኗ ነው።

«ማንም አልነካውም» አለች። «ብቻዬን ነው የሠራሁት።»

ላጲሶ ይኼን መልስ ልብ አለው። መርዝ ያስገባች ሴት ድስቱን ብዙ እጅ እንዲነካላት ትመኛለች እንጂ ብቻዬን ነኝ አትልም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ሞት አፋፍ ላይ ናቸው፤ ከዚያ ድስት የበሉትም እነሱ ብቻ ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ መርዝ ተገኝቷል። አቶ ጉዲሳ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቢሊሴና ፌናን ወደ ጣቢያ ተወሰዱ። ጎረቤት በየበሩ ወጥቶ አያቸው።

*

እሑድ ጠዋት ኮማንደር ገብረየስ ላጲሶን ቢሮው አስጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ጎሮ ላይ የጎበና ዘመዶች ተሰብስበው አድረዋል። ሽማግሌዎቹ ናቸው የያዟቸው። ሰውየው ከሞተ ሽማግሌም አይይዛቸውም። ምን ላይ ደረስክ?»

«አልገባኝም፣ ጌታዬ።»

«ምኑ ነው ያልገባህ? ቂም አለ፣ መርዝ አለ፣ ያበሰለችው አለች።»

«ሁሉም አለ። ያልገባኝም ሁሉም እንዲህ መሟላቱ ነው። ዓመታት የጠበቀ ሰው ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ በገዛ ቤቱ፣ በልጁ እጅ ይገድላል? ደግሞ ሴትየዋ ራሴን እንጂ ሆዴን አላሉም።»

«ቶሎ ብለህ ይግባህ» አለ ኮማንደሩ።

ላጲሶ ወይዘሮ ቢሊሴን አስጠራቸው። ሌሊቱን በለቅሶ ያሳለፉ ይመስላሉ፤ ሆኖም ገና ከመቀመጣቸው ጠያቂው እሳቸው ሆኑ።

«ዶሮዎቼን ማን ወሰዳቸው?»

«የትኞቹን ዶሮዎች?»

«ለደሪቱ የሰጠኋትን። ሁለት ቄብ ዶሮዎች። ከቆጥ አውርጄ፣ እግራቸውን አስሬ፣ ራሴ ነኝ ከኋላ ወንበር ሥር ያስቀመጥኳቸው። እነሱ ሆስፒታል፣ እኛ እዚህ፤ መኪናው ውስጥ ታስረው ይሞታሉ ብዬ ነው።»

ላጲሶ ትናንት መኪናው ወደ ጣቢያ ተጎትቶ ሲመጣ ራሱ አይቶታል። ዶሮ ቀርቶ ላባም አልነበረበትም።

*

አብዱልናስርን ያገኘው ሃያ ሁለት ታክሲ ማዞሪያው ላይ፣ ተራ ይዞ ሲጠብቅ ነው።

«ዶሮዎች?» አለ ሹፌሩ፤ ፊቱ ተለወጠ። «ነበሩ፣ ኢንስፔክተር። የፊቱን በሮች ልከፍት በኋላ በር ስገባ እግሬ ሥር ገቡ። ቦይ ውስጥ ወረወርኳቸው። ወላሂ አልሰረቅኩም!»

«ማን ሰረቅክ አለህ? ይንቀሳቀሱ ነበር?»

«ሞተው ነበር እንጂ። ሁለቱም ደርቀዋል።»

ላጲሶ የሚኒባሱን በር ተደግፎ ቆመ። ዶሮዎቹ ከቆጥ ወርደው በቀጥታ መኪና ውስጥ ገቡ። ከድስቱ አልቀመሱም።

«መኪናው ውስጥ ምን ይሸት ነበር?»

«ቤንዚን። ቤንዚንና የተቃጠለ ነገር። ዓይኔን አቃጠለኝ። ቤንዚን የሚያፈስ መስሎኝ ነው ሞተሩን ቶሎ ያጠፋሁት። ደግሞ ምን ዓይነት ሞተር መሰለዎት? ሳል እንደያዘው ሰው ነው የሚሠራው። ከኋላው ቆሜ ጥቁር ጭስ ሲግተኝ ነው የቆየሁት።»

ላጲሶ እዚያው ቆሞ ለዶክተር ሊሊ ደወለ።

«ዶክተር፣ የመኪና ጭስ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢገባ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

በስልኩ ወዲያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«ያደርጋል እንጂ» አለች በመጨረሻ። «ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሞት። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ግን ኦክስጅኑ ከገቡ ጀምሮ አልተነቀለላቸውም፤ ለዚህም መድኃኒቱ እሱው ነው። አሁኑኑ መጠኑን ከፍ አደርጋለሁ። እርግጠኛ ነዎት?»

«ገና። እንድሆን ግን እፈልጋለሁ።»

*

ወይዘሮ ደሪቱ በስልክ እንደነገሩት፣ ሰሞኑን የመኪናው ሞተር ተቀይሯል። የድሮው ሞተር ሲያልቅ አቶ ጎበና ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሞተር ገዙ። የገጠመው ገርጂ ጋራዥ ያለው ሊባን ነው።

ሊባን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበለው።

«ሥራው ተጠናቆ ነው የሄደው?» አለ ላጲሶ።

«ተጠናቆ ነው።»

«ጭስ አልነበረውም?»

«ምንም። እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው።»

ጨርቁ ግን በእጁ ላይ መዞሩን አላቆመም። ላጲሶ አልተከራከረውም።

«እንግዲያው ና፣ አብረን እንየው።»

*

መኪናው ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ የተሰበረ መስታወቱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። የተሽከርካሪ ቴክኒክ መርማሪዋ ሳጅን ሣባ ኮፈኑን ከፍታ፣ በሮቹንም ሁሉ ከፍታ ሞተሩን አስነሣችው። ተነሣ፤ ተንዘፈዘፈ፤ ሊጠፋ ሲል ተመልሶ ተነሣ። ከጭስ ማውጫው የወጣው ጥቁር ጭስ እርጥቡን መሬት አጠቆረው።

«ቤንዚን ከልክ በላይ እየጠጣ ነው» አለች። «ለምን እንደሆነ እንይ።»

ሞተሩን አጥፍታ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታች። አራቱም እንደ ከሰል ጠቁረው ቤንዚን ነክሯቸዋል። በተርታ አስቀመጠቻቸው።

«አንዱ ብቻ ቢጠቁር የዚያ የአንዱ ችግር ነው እል ነበር። አራቱም ከጠቆሩ ግን፣ አራቱንም የሚያዛቸው ነገር ነው የተሳሳተው።»

የአየር ማጣሪያውን አወጣች፤ ንጹሕ ነው። የቤንዚኑን ግፊት ለካች፤ ልክ ነው። ላጲሶ ከጎኗ ቆሞ ያያል። ሊባን ወደ መሬት ያያል።

«የድሮው ሞተር ቤንዚን የሚያገኘው በካርቡራቶር ነበር» አለች ሣባ። «ይኼኛው ቤንዚኑን የሚመጥንለት ኮምፒውተር አለው። ሞተሩ ይሙቅ አይሙቅ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው ደግሞ ይህች ናት።» በጣቷ አንዲት ትንሽ የሙቀት ሴንሰር አሳየችው። «ቀዝቃዛ ነው ካለችው ቤንዚን ይጨምራል። ሲሞቅ ይቀንሳል።»

ካንዴላዎቹን ጠራርጋ መልሳ ገጠመችና ሞተሩ እስኪግል አስነሥታ ተወችው። ከዚያ የሴንሰሯን ሽቦ ነቅላ በመለኪያ ለካቻት።

«ሞተሩን ንካው እስቲ።»

ላጲሶ ነካና እጁን ቶሎ አነሣ።

«አቃጠለህ አይደል? እሷ ግን በረዶ ውስጥ ነኝ እያለች ነው። የሌላ ሞተር ሴንሰር ናት። ቀዳዳው ላይ ልክ ትገባለች፤ የምትናገረው ግን ለሌላ ኮምፒውተር ነው።»

ተመሳሳይ ሞተር ካለው የጣቢያው መኪና ላይ አንዲት ሴንሰር ፈታ አምጥታ ቀየረቻትና አስነሣችው። ሞተሩ መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ አሳለ። ቀስ በቀስ ግን መንዘፍዘፉ ቀነሰ፤ ድምፁ ወጥ ሆነ። ጥቁሩ ጭስ ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። ላጲሶ ከትናንት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ትንሽ የተነሣለት መሰለው።

«ይኼ ጭሱ ለምን እንደበዛ ነው» አለ። «እንዴት ወደ ውስጥ ገባ?»

ሣባ ከመኪናው ሥር ገባች። ድምፅዋ ከዚያ መጣ። «የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሞተሩ ጋር በሁለት ብሎን ብቻ ነው የተያዘው። መሐሉ ላይ ጭስ እንዳያፈተልክ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን የለም፤ ጭሱ እዚሁ ነው የሚወጣው።» ወጥታ የሹፌሩን በር ከፈተችና በማርሹ ዘንግ ዙሪያ ያለውን ምንጣፍ ገለጠች። ከሞተሩ ጋር ለመጣው ማርሽ ተብሎ የተቆረጠው ወለል ሳይደፈን ቀርቷል። የምንጣፉ የታችኛው ገጽ በጥቀርሻ ጠቁሯል።

ሊባን የጋራዥ ልብሱን ደረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«ሞተሩን ሳወርደው ሴንሰሯ ተሰበረችብኝ» አለ በመጨረሻ። «ውኃው እንዳይፈስ ያገኘሁትን ወተፍኩበት፤ ትክክለኛዋን እስካገኝ ነበር። ቱቦውም ወለሉም ገና ነበሩ። አልጨረስኩትም፣ ኢንስፔክተር። የዋሸሁዎት ሰውየው ሊሞቱ ነው ሲሉኝ ፈርቼ ነው።»

«ያላለቀ መኪና ለምን ሰጠህ?»

«አልሰጥም ብዬ ነበር! ለመነኝ። አባቴ፣ ‹ወንድሜ ደጅ በታክሲ አልወርድም› ብሏል፣ በዚህ ሰበብ ዕርቁ ሊቀር ነው አለኝ። ደርሶ መልስ ብቻ ነው አለኝ። መስኮቱን እንዳትዘጉ፣ ቆማችሁ ሳለ ሞተሩ ብዙ አይሥራ ብዬ አስጠንቅቄ ቁልፉን ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለልጃቸው። ለሂካ።»

*

ሂካ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ትናንት የነበረበት ወንበር ላይ ነበር። አልጮኸም። ላጲሶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ከሊባን ጋራዥ ነው የመጣሁት።»

ሂካ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«የነገረህን ለአባትህ ነገርከው?»

«አልነገርኩትም። መኪናው አላለቀም ካልኩት አይሄድም። ስንት ጊዜ ተለምኖ እሺ ያለ ሰው... አንዴ ከቀረ ሁለተኛ እሺ አይልም። ስንሄድ ብራ ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ራሴን ትንሽ አመመኝ እንጂ ምንም አልሆንንም። በመልሱም ምንም አይሆኑም ብዬ ነው። ራሴን ስላመመኝ ነው በታክሲ ልምጣ ያልኩት።»

«አጎትህ ታስረው አደሩ። ልጅቷም።»

«መጀመሪያ በእውነት መርዝ መስሎኝ ነበር። ሌሊት ላይ ነው የሊባን ነገር ትዝ ያለኝ። ከዚያ... አፌን ማን ይክፈትልኝ? ራሴ ጮኼ ነው ያሳሰርኳቸው። ገደልኳቸው፣ ኢንስፔክተር? አባቴን ገደልኩት?»

ያኔ በሩ ተከፈተና ዶክተር ሊሊ ብቅ አለች። ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳለች፤ ፊቷ ደክሟል፤ ግን እየሳቀች ነበር።

«ነቅተዋል» አለች። «ስማቸውን ነገሩን፤ ሚስታቸውን ጠየቁ፤ አሁን ደግሞ መኪናዬ የት ነው እያሉ እያስቸገሩን ነው።»

ሂካ ከወንበሩ ወደ መሬት ወረደና ተንሰቀሰቀ። ላጲሶ ትከሻው ላይ እጁን አሳረፈ።

«ተነሥ። አንተና ሊባን በቸልተኝነት ትጠየቃላችሁ፤ እሱን ዐቃቤ ሕግ ያየዋል። አሁን ግን ከእኔ ጋር ጣቢያ ትሄዳለህ። አጎትህን የምታስፈታው በዚያው በጮኽክበት አፍህ ነው።»

*

ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከጎሮ የመጡት ዘመዶችና ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት፣ ሂካ ሁሉንም ተናገረ። ሲጨርስ አቶ ጉዲሳ እግር ላይ ወደቀ። አቶ ጉዲሳ ቁልቁል አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ወንድሜ ነቅቷል ነው ያላችሁት?» አሉ ወደ ላጲሶ ዞረው።

«ነቅተዋል።»

«እንግዲያው ምን ያስቆመናል?» ጎንበስ ብለው የሂካን ክንድ ይዘው አነሡት። «ተነሣ፣ መንገድ ዘጋህብኝ።»

ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት እልል አለች። በየእጁ ዱላ ይዞ የመጣው ሁሉ ዱላውን ምርኩዝ አስመስሎ ተደገፈው። ኮማንደር ገብረየስ ከቢሮው ደጃፍ ሆኖ ኮፍያውን አወለቀና ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አቶ ጎበና ትራስ ተደግፈው፣ ኦክስጅኑ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ነገሩን ሰሙ። ሂካ አንገቱን ደፍቶ ሲናገር አላቋረጡትም።

«ከአንተ ጋር በኋላ እንነጋገራለን» አሉት። ድምፃቸው የቁጣ ቢሆንም እጁን ይዘው አልለቀቁትም። ከዚያ ወንድማቸውን አዩ። አቶ ጉዲሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በብርድ ልብሱ ላይ የወንድማቸውን እግር ያሻሉ። በኦሮምኛ በዝግታ ይነጋገሩ ጀመር። ላጲሶ ቋንቋውን በደንብ ባይሰማም፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዴ አብረው ሲስቁ፣ አንዴ አብረው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየ።

ፌናን ግን ከበሩ አላለፈችም። ከጣቢያ እንደወጣች ነበረች፤ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታለች።

ዶክተር ሊሊ ሠንጠረዡን አይታ፣ «አሁን ትንሽ ሾርባ ቢቀምሱ ጥሩ ነው» አለች። «ከቤት የሚያመጣ አለ?»

«እኔ አመጣለሁ» አለች አንዲት ዘመድ።

«አይሆንም» አሉ አቶ ጎበና። ቀና ለማለት ሞከሩ፤ አቃታቸው፤ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «ያቺ ልጅ ትሥራልኝ። ሌላ ሰው ያመጣውን አልቀምስም።»

ፌናን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እኔ፣ አባባ?»

«አዎ፣ አንቺ። ርቦኛል፣ ቶሎ በይ።»